ከአዳማ ችካል እስከ ቮያጀር፦ የመሬት ልኬትና የሰማይ ልኬት እንዴት ነው አንዱ ወደ ሌላው የሚቀየረው?

ቮያጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2026፣ በኛ ኅዳር 2019 ገደማ፣ ከመሬት "አንድ የብርሃን ቀን" (ብርሃን በአንድ ቀን የሚሄደው) ርቀት ላይ ትደርሳለች ተብሎ ከተወራ ወዲህ ነገሩ በጣም ተደበላልቋል። አንዱ የአንድ ቀን መንገድ ነው የቀራት ይላል፣ ሌላው ኪሎሜትሩን ሲጽፍ ሦስት ዜሮ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፣ ሌላው ደግሞ "ይሄ እኮ የተለካ ሳይሆን የተገመተ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እዚህ አዳማ ላይ ደግሞ ከዚ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ የሚመስል ሌላ ጥያቄ አለ፦ የይዞታ ካርታው ላይ ባለው ኮኦርዲኔት (የወሰን ነጥቦቹ አቀማመጥ በቁጥር) የተሰላው የግቢ ጎን መሬት ላይ በሜትር ሲለካ ለምን ትንሽ ይለያል?

ሁለቱ ጥያቄዎች ሥራቸው አንድ ነው። የመሬት ቀያሽና የሥነ ፈለክ ሰው የሚጠቀሙበት አሃድ በመጠን የትየለሌ ቢራራቅም የሚለኩበት ዘዴ አንድ ነው፣ ታሪኩም አንድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ማባዛትና ማካፈል ብቻ ስለሆነ ካልኩሌተር ይጨርሰዋል፤ ሰው የሚሳሳተው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን አሃዱ በምን እንደተተረጎመና ርቀቱ ከየት እስከ የት እንደተለካ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ሁሉም በሜትር በኩል ያልፋል

ዛሬ ማንኛውም የርዝመት አሃድ ሜትርን ተደግፎ ነው የቆመው። አንድ ጫማ ወይም ፊት የሚባለው እ.ኤ.አ. (ከዚ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚው ናቸው) ከ1959 ጀምሮ በትክክል 0.3048 ሜትር ነው። የእንግሊዞች የቅየሳ ሰንሰለት፣ በ1620 ኤድመንድ ጉንተር ያወጣው፣ 66 ጫማ ማለትም 20.1168 ሜትር ነው፣ ሰማንያው ሰንሰለት አንድ ማይል ይሆናል። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ አስትሮኖሚካል ዩኒት አለ፣ በግርድፉ መሬት ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት ማለት ነው፣ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2012 ቤጂንግ ላይ ተሰብስቦ በትክክል 149,597,870,700 ሜትር ይሁን ብሎ ወስኗል።

ስለዚ ቅየራው ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ሜትር፣ ከዛ ከሜትር ወደሚፈለገው። ለምሳሌ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎሜትር ገደማ ነው ብለን ብንይዝ፣ አንድ አስትሮኖሚካል ዩኒት የሱ 1.76 ሚሊዮን እጥፍ ነው። በጉንተር ሰንሰለት ከተባለ ደግሞ 7.44 ቢሊዮን ሰንሰለት ገደማ ይመጣል። የብርሃን ቀኑም እንደዚው ነው፦ ብርሃን በሰከንድ 299,792.458 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው፣ ሲባዛ 25.9 ቢሊዮን ኪሎሜትር ይሆናል፣ ወደ 173 አስትሮኖሚካል ዩኒት ማለት ነው። ቮያጀር ከ1977 ጀምሮ ስትጓዝ ቆይታ ነው ብርሃን በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ርቀት የምትሞላው።

እዚህ ላይ ማንሳት የሚገባ አንድ ነገር አለ፣ ዜናው ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቮያጀር ከፀሐይ የምትርቀው በሰከንድ 17 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መሬት ግን በምህዋሯ ላይ በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው የምትከንፈው፣ ስለዚ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት መሬት ወደ ቮያጀር አቅጣጫ ስትሮጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይቀንሳል፣ በኋላ ደግሞ መልሶ ይጨምራል። "ከመሬት" እና "ከፀሐይ" የሚሉት ሁለት የተለያየ ቁጥር የሚሰጡት ለዚ ነው። ቀያሽ ይሄንን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፣ መሳሪያው የቆመበት ነጥብ ያልተጻፈለት ርቀት ለምንም አይሆንም።

የብርሃን ዓመት የሚለካው ርቀትን ነው

"ዓመት" እና "ቀን" የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል፣ ግን አስተሳሰቡ ለኛ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ገበሬ አንድ ጥማድ መሬት ሲል ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን ማለቱ ነው፣ ቀኑ መለኪያ ሆኖ ገባ እንጂ የሚለካው መሬቱ ነው። የብርሃን ዓመትም ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት ነው፣ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ገደማ። ልዩነቱ በሬ ከበሬ፣ አፈር ከአፈር ስለሚለያይ ጥማድ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ገደማ ተብሎ ቢያዝም ቁርጥ ያለ አይደለም፤ ብርሃን ግን ባዶ ጠፈር ላይ ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ዓመቱም 365.25 ቀን ተብሎ ተቆርጧል፣ ስለዚ የብርሃን ዓመት እስከ መጨረሻዋ ሜትር ድረስ የታወቀ ቁጥር አለው።

ሌላው መደበላለቅ ካሬ ላይ ነው። በየደላላው "200 ካሬ" ሲባል 200 ሜትር ካሬ ማለት ነው፣ ስፋት ነው፣ ወደ ኪሎሜትርም ወደ ብርሃን ዓመትም አይቀየርም፣ ምክንያቱም እነሱ ርዝመት ናቸው። 40 ሄክታር ገደማ የሚባለው የድሮው ጋሻ መሬትም እንደዚው ስፋት ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ተማሪ ፈተና ላይ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፣ አንድ ኪሎሜትር 1,000 ሜትር ስለሆነ አንድ ካሬ ኪሎሜትርም 1,000 ካሬ ሜትር ይመስለዋል፣ አንድ ሚሊዮን መሆኑን ሳያስተውል።

206,265 የሚባለው ቁጥር

የሁለቱን ሙያ ዝምድና ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ፓርሴክ የሚባለው አሃድ ነው፣ ለዚ ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው።

ቀያሽ የማይደረስበትን ነጥብ፣ ለምሳሌ ከወንዝ ማዶ ያለ ዛፍ፣ ርቀቱን ማወቅ ሲፈልግ እዚህ ማዶ ሁለት ችካል ይተክላል፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በደንብ ይለካል፣ ከሁለቱም ችካል ላይ ቆሞ ወደ ዛፉ ያለውን ማዕዘን ያነባል፣ የቀረውን ሦስት ማዕዘኑ ራሱ ይናገራል። ትራያንጉሌሽን የሚባለው ይሄ ነው። ሜትር የተባለው አሃድ ራሱ የተወለደው በዚ መንገድ ነው፦ ከ1792 ጀምሮ ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ከዳንኬርክ እስከ ባርሴሎና በሦስት ማዕዘን ሰንሰለት ቀይሰው፣ ከዛ ተነስተው ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ተሰላ፣ የሱ አስር ሚሊዮንኛ አንድ ሜትር ይሁን ተባለ። ውጤቱ ከታሰበው በ0.2 ሚሊሜትር ገደማ አጠረ፣ ግን ያቺው ያጠረችው ሜትር ናት እስከዛሬ የምንጠቀምባት።

የሥነ ፈለክ ሰው ደግሞ ሁለቱን ችካሎች መሬት ላይ ሳይሆን የመሬት ምህዋር ላይ ነው የሚተክለው። ዛሬ ኮከቡን ያያል፣ ከስድስት ወር በኋላ መሬት ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትሆን ደግሞ ያየዋል፣ ኮከቡ ከኋላው ካሉት በጣም ሩቅ ኮከቦች አንጻር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይታያል። የዚ ፈቀቅታ ግማሽ ፓራላክስ ይባላል። ፓራላክሱ አንድ የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ፣ የሆነ ኮከብ ርቀቱ አንድ ፓርሴክ ነው፣ ስሙም ፓራላክስና ሰከንድ ከሚሉት ተቆርጦ የተሰራ ነው። በቁጥር ሲቀመጥ አንድ ፓርሴክ 206,265 አስትሮኖሚካል ዩኒት፣ ወይም 3.26 የብርሃን ዓመት፣ ወይም 30.86 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው።

ይሄ 206,265 ቀያሾች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ቁጥር ነው! ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ የቅየሳ መሳሪያ) ስትገዛ ወይም ስትከራይ "የአንድ ሰከንድ ነው፣ የአምስት ሰከንድ ነው" የሚባለው ያው የማዕዘን ሰከንድ ነው፣ አንድ ሰከንድ ስህተት በአንድ ኪሎሜትር ላይ ምን ያህል ያዛንፋል ብሎ ለማወቅ አንድ ኪሎሜትርን ለ206,265 ማካፈል ነው፣ 4.85 ሚሊሜትር ይመጣል። አዳማ ላይ አንድ ኪሎሜትር ርቆ ያለ ችካልን ከአምስት ሚሊሜትር ባነሰ የሚያዛንፈው ማዕዘንና ፓርሴክን የሚፈጥረው ማዕዘን አንድ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ደግሞ ከፀሐይ ቀጥሎ በጣም ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ፣ ፓራላክሱ 0.77 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው፣ አንድ ሰከንድ እንኳን የሚሞላ ኮከብ የለም። ለዚ ነው እስከ 1838 ድረስ ማንም በአስተማማኝ ሳይለካው የቆየው፣ ያኔ ቤሰል የሚባል ጀርመናዊ የአንድ ኮከብ ፓራላክስ 0.31 ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳየ። "የተገመተ ነው" ለሚሉት መልሱ እዚህ ጋ ነው፣ የቅርብ ኮከቦች ርቀት የተለካው የወንዝ ማዶው ዛፍ በተለካበት ሒሳብ ነው። በጣም ሩቅ ላሉት ጋላክሲዎች ግን ሦስት ማዕዘኑ ከመቅጠኑ የተነሳ አይሰራም፣ እዛ በኮከቦች ድምቀት ላይ የተመሰረተ ሌላ ዘዴ ነው የሚገባው፣ እዛ ላይ የሚነሳ ጥርጣሬ ምክንያት አለው።

ፕሪዝሙ ጨረቃ ላይም አለ

ሁለተኛው የጋራ ዘዴ ብርሃን መላክ ነው። አዳማ ውስጥ መንገድ ሲቀየስ አንዱ ቶታል ስቴሽኑ ጋ ይቆማል፣ ሌላው ጫፉ ላይ ፕሪዝም ያለበትን ዘንግ ይዞ ነጥቡ ላይ ይቆማል። መሳሪያው ብርሃን ይልካል፣ ፕሪዝሙ ወደመጣበት አቅጣጫ መልሶ ይልከዋል፣ ከሄደና ከተመለሰበት ርቀቱ ይሰላል። የፕሪዝሙ ጥበብ በትክክል ባይዞር እንኳን ብርሃኑን ወደመጣበት መመለሱ ነው። በ1969 የአፖሎ 11 ሰዎች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት መስታወትም የዚሁ ዓይነት ፕሪዝሞች የተደረደሩበት ነው፣ ከመሬት ሌዘር ሲላክበት ደርሶ መልሱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ጨረቃ በዓመት 3.8 ሳንቲሜትር እየራቀችን መሆኑ የታወቀው በሱ ነው። ለቬነስ ደግሞ በ1961 ራዳር ተልኮ ተመለሰ፣ አስትሮኖሚካል ዩኒት በኪሎሜትር ስንት ነው የሚለው የዘመናት ጥያቄም በዛ ጠራ።

ከ1983 ጀምሮ እንዲያውም ነገሩ ተገልብጧል፦ ድሮ የብርሃን ፍጥነት በሜትር ይለካ ነበር፣ አሁን ሜትር ራሷ ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ የሚሄደው ርቀት ተብላ ነው የተተረጎመችው። ስለዚ የብርሃን ዓመት የሜትር ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ፍጥነት ነው የሚመጡት።

አየሩ ግን ባዶ ጠፈር አይደለም። ብርሃን አየር ውስጥ ትንሽ ይዘገያል፣ ምን ያህል የሚለው በአየር ግፊትና በሙቀት ይወሰናል። ብዙ ቶታል ስቴሽን ከፋብሪካ ሲወጣ በባህር ወለል ግፊት ተስተካክሎ ነው፣ አዳማ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ግፊቱንና ሙቀቱን ሳያስገቡ ዝም ብለው ከለኩ በአንድ ኪሎሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር አጥሮ ይነበባል። ለግቢ አጥር ምንም ማለት አይደለም፣ ለረጅም መንገድ ወይም ለትልቅ ድልድይ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ስህተት የሚገባባቸው በሮች

አንዱ በር አንድ ስም ያላቸው ሁለት አሃዶች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለመሬት ቅየሳ የሚያገለግል "የቅየሳ ጫማ" የሚባል ሌላ ጫማ ነበር፣ ከተለመደው ጫማ የሚለየው ከአንድ ሚሊዮን በሁለት ገደማ ነው፣ በ2022 መጨረሻ ላይ ይቅር ተብሎ ተወስኗል። 200 ሜትር ላይ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ይቺው ልዩነት አንድ አስትሮኖሚካል ዩኒት ወደ ጫማ ሲቀየር ግን ወደ 299 ኪሎሜትር ታድጋለች፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ትበልጣለች። የልዩነቷ ድርሻ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፣ የተባዛችበት ርቀት ነው ያገነናት።

እኛ ጋ ጫማ ለመሬት አይውልም፣ ግን በሶፍትዌር በኩል ይገባል፣ ኦቶካድ ላይ ዩኒቱ በጫማ የተቀመጠ ፋይል በሜትር ሲከፈት 20 ሜትር የነበረው ጎን 65.6 ሆኖ ይመጣል። ይሄ ትልቅ ስለሆነ ወዲያው ይታያል፣ የሚያስፈሩት የማይታዩት ናቸው። በ1999 ማርስ ጋ ስትደርስ የጠፋችው የናሳ መንኮራኩርም የዚ ዓይነት ምሳሌ ተደርጋ ትጠቀሳለች፣ ብዙ ሰው ግን ማይልና ኪሎሜትር ተምታቶ ነው ብሎ ያወራል፣ የተምታታው የርዝመት አሃድ አልነበረም፣ አንዱ ወገን የሞተሩን ግፊት በፓውንድ ሌላው በኒውተን መያዙ ነው።

ሁለተኛው በር የአሃዝ ብዛት ነው። በሜትር 20.00 ተብሎ የተለካ ጎን ወደ አስትሮኖሚካል ዩኒት ሲቀየር ካልኩሌተሩ ከዜሮዎቹ ቀጥሎ አስር አሃዝ ይደረድራል፣ ከነሱ ውስጥ እምነት የሚጣልባቸው አራቱ ብቻ ናቸው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የተለካው በአራት አሃዝ ነው። አሃድ መቀየር ልኬቱን አያጠራውም። የድሮ ወረቀት ላይ "ሁለት ጥማድ" የተባለን መሬት 0.5000 ሄክታር ብሎ መጻፍም ያው ችግር ነው፣ ያልተለካን ነገር የተለካ ያስመስላል፣ ክርክር ላይ ደግሞ አንዱን ወገን ያለአግባብ ይጎዳል።

ሦስተኛውና አዳማ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ከላይ የተነሳው የኮኦርዲኔት ነገር ነው። አዳማም ሀዋሳም ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት ዞን 37 ውስጥ ናቸው። ክብ የሆነችውን መሬት ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለማውረድ ሲባል በዞኑ መሃል፣ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ፣ ሁሉም ርዝመት ሆን ተብሎ በ0.9996 ይባዛል፣ አዳማ ደግሞ ለዚ መስመር በጣም ቅርብ ናት። በዛ ላይ ከተማው ካርታው ከሚሰራበት ወለል (በግርድፉ የባህር ወለል) በላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር እውነተኛው ርዝመት ካርታው ላይ ካለው ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ አዳማ መሬት ላይ አንድ ኪሎሜትር የሆነ ነገር በኮኦርዲኔት ሲሰላ 65 ሳንቲሜትር ገደማ ያጥራል፣ ሀዋሳ ላይም 63 ገደማ ነው። ለ20 ሜትር ጎን 1.3 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ለ200 ካሬ ግቢ ሩብ ካሬ ገደማ። ይሄ ስርቆት አይደለም፣ የቀያሹም ስህተት አይደለም። ልዩነቱ 30 ሳንቲ ወይ ግማሽ ሜትር ከሆነ ግን በካርታው ሥርዓት አያሳብቡ፣ ሌላ ምክንያት አለው።

ከዚ የሚብሰው አዲንዳን የሚባለው የድሮው የኮኦርዲኔት መነሻና ጂፒኤስ የሚጠቀምበት መነሻ ሲደበላለቁ ነው፣ ለአንድ ችካል በሁለቱ የሚጻፈው ቁጥር ከ100 ሜትር በላይ ይለያያል። ሁለቱም በሜትር ነው የሚጻፉት፣ አሃዱ አንድ ነው፣ መነሻው ነው የተለየው።

"ኪሎሜትር ይበቃናል" የሚለው ሐሳብ

አንዳንድ አስተማሪዎች አስትሮኖሚካል ዩኒት፣ የብርሃን ዓመት፣ ፓርሴክ ተማሪን ከማደናገር ውጪ ጥቅም የላቸውም፣ ሁሉም በሜትርና በኪሎሜትር ይጻፍ ይላሉ። ሐሳባቸው ቀላል አይደለም፣ አንድ ሕዝብ አንድ ሚዛን ቢኖረው ንግዱም ፍርዱም እንደሚቀል ማንም ያውቃል፣ ዛሬ ደግሞ አሃዶቹ ሁሉ በሜትር ከተተረጎሙ የተለየ ስም ለምን ያስፈልጋል?

የሌላኛው ወገን መልስ ከታሪኩ ይነሳል። የሥነ ፈለክ ሰው የነበረው ኬፕለር በ1619 ሦስተኛውን ሕጉን (የፕላኔት ርቀትንና የዙር ጊዜን የሚያገናኘውን) ሲያወጣ የፕላኔቶች ርቀት እርስ በርስ ያለው ምጥጥን በደንብ ይታወቅ ነበር፣ ማርስ ከፀሐይ የመሬትን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ትርቃለች ማለት ይቻል ነበር፣ ያ አንድ እጥፍ በሰው መለኪያ ስንት እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር። በ1672 የሥነ ፈለክ ሰዎቹ ካሲኒ ከፓሪስ፣ ሪሼ ደቡብ አሜሪካ ካለችው ካየን ሆነው ማርስን አይተው መሬት ከፀሐይ ያላት ርቀት 140 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው አሉ፣ ለዘመኑ ድንቅ ነው። እስከ ራዳሩ ድረስ ምጥጥኑ ከኪሎሜትሩ ይልቅ የጠራ ስለነበር በምጥጥን መጻፍ ታማኝነት ነበር፣ ፓርሴክም የተለካውን ማዕዘን በቀጥታ ስለሚያሳይ ሠራተኞቹ አልተዉትም።

ለባለሙያው ሦስቱም ቢቆዩ የሚጎዳ ነገር የለም። ለሕዝብ በሚጻፍ ዜና ላይ ግን ኪሎሜትሩ ከጎኑ ቢቀመጥ፣ ርቀቱም ከመሬት ነው ከፀሐይ ተብሎ ቢገለጽ፣ አንባቢ የብርሃን ቀንን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አያምታታውም ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥም ፓርሴክን ለብቻው ከማስተማር ግቢ ወርዶ ሁለት ችካል ተክሎ የአንድ ዛፍ ርቀት በማዕዘን አስልቶ፣ ከዛ ወደ ኮከቡ መሻገር ይሻላል፣ ወጪውም ገመድና ፕሮትራክተር ነው።

አዳማ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው

በኛ አቆጣጠር በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ከመጣ ወዲህ ወሰን በኮኦርዲኔት እየተመዘገበ ነው የሚሄደው። ድሮ ጎረቤት ከጎረቤት የሚከራከረው ድንጋዩ ተነቅሏል አልተነቀለም ብሎ ነበር፣ አሁን ግን ካርታው ይሄን ይላል፣ ሜትሩ ያንን ይላል የሚለው ክርክር እየበዛ መምጣቱ አይቀርም። ይዞታውን የሚያስለካ ሰው ቀያሹን ሦስት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ ርዝመቱ ከኮኦርዲኔት የተሰላ ነው ወይስ መሬት ላይ የተለካ፣ የኮኦርዲኔቱ መነሻ አዲንዳን ነው ወይስ የጂፒኤሱ፣ መሳሪያውስ የአዳማን ግፊትና ሙቀት ገብቶለታል ወይ። መልሱ ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍርም መጠየቅ ይቻላል፣ ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው።